ዝናምን የሚለካ ዋጋን ይቈርጣል

ለልጁ የወደፊት እንጀራ የሚያስብ አባት፥ ለመሥሪያ ቤቱ ብቁ ሠራተኛ የሚፈልግ ሹም፥ ተማሪውን ወደየትኛው ትምህርት እንደሚመራው የሚጨነቅ መምህር ሁሉ በዚህ ዘመን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ይኸውም «ነገ የሚፈለገው ሙያ የትኛው ነው?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ ሊሰጥ ቢቻልም፥ እኛ ዛሬ በአገራችን ገና ስሙ እንኳ ስላልተለመደ ስለ አንድ ሙያ ጥቂት ቃል ልናቀርብ እንወዳለን። ይህም የአየር ጠባይ ለውጥ በገንዘብና በንብረት ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት አስቀድሞ መርምሮ፥ ገንዘቡን በሥራ ላይ ለሚያውል ሰው ወይም ለባንክ ወይም ለመንግሥት የማስረዳት ሙያ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ሥራው በአጭር ቃል ቢገለጽ እንዲህ ነው። አንድ ባለ ገንዘብ ፋብሪካ ለማቆም፥ አክሲዮን ለመግዛት፥ ወይም ለገበሬዎች ማኅበር ለማበደር ሲያስብ፥ ቀድሞ የሚጠይቀው ትርፉን፥ የተበዳሪውን ታማኝነትና የገበያውን ሁኔታ ነበር። አሁን ግን ከነዚህ ጋራ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል። ወንዙ ቢሞላ ፋብሪካው ምን ይሆናል? ዝናሙ ቢዘገይ ብድሩ በምን ይከፈላል? መንግሥታት የከሰልን ጢስ በሕግ ቢወስኑ ማዕድኑን ማን ይገዛዋል? እነዚህን ጥያቄዎች በማስረጃ የሚመልስ ሰው የአየር ጠባይ ስጋት መርማሪ ይባላል። ሙያው አዲስ ይመስላል እንጂ ሥረ መሠረቱ ጥንታዊ ነው፤ ለእኛም እጅግ ቅርብ ነው።

በካይሮ ከተማ፥ በዓባይ ወንዝ መካከል ባለችው በሮዳ ደሴት፥ በ861 የተሠራ አንድ የድንጋይ ምሰሶ አለ። ምሰሶው በክንድ ልክ ምልክት የተደረገበት ሆኖ በጕድጓድ ውስጥ የቆመ ነው፤ የወንዙ ውሃ በቦይ ወደ ጕድጓዱ ይገባ ስለ ነበረ፥ በየክረምቱ ስንት ክንድ እንደ ወጣ ይነበብበት ነበር። ውሃው ከተወሰነው ክንድ በታች ከቀረ ረኀብ እንደሚመጣ፥ ከመጠን ካለፈ ጥፋት እንደሚሆን፥ በልኩ ከሆነ ግን መከሩ እንደሚሠምር የግብፅ ገዥዎች ያውቁ ነበርና የዓመቱን የእርሻ ግብር ሲወስኑ ይህንኑ ልክ ይመለከቱ ነበር። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ያ የክረምት ሙላት አብዛኛው የሚወርደው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። ዝናሙ የዘነበው በጎጃምና በጎንደር፥ በወሎና በሸዋ ተራሮች ላይ ሆኖ ሳለ ልኩ የተጻፈው በካይሮ ነው፤ ዋጋውንም የቈረጠው ልኩን የጻፈው ነው።

የዚያ መዝገብ ጥቅም በዚህ አልቀረም። ሃሮልድ ኸርስት የተባለው እንግሊዛዊ የውሃ ሊቅ በግብፅ ብዙ ዘመን ተቀምጦ፥ የሮዳን ልክ ከሌሎች መዝገቦች ጋራ እያስተያየ መርምሮ፥ በ1951 ባሳተመው ጥናት አንድ ትልቅ ነገር ገለጸ። የጥጋብ ዓመታት ከጥጋብ ዓመታት፥ የድርቅ ዓመታትም ከድርቅ ዓመታት ጋራ ተከታትለው የመምጣት ጠባይ አላቸው እንጂ፥ ወደ ላይ እንደ ተወረወረ ሳንቲም እያንዳንዱ ዓመት ካለፈው ተለይቶ ለብቻው አይወድቅም። ብኑዋ ማንደልብሮትና ጄምስ ዋሊስ የተባሉት ሊቃውንት በ1968 ይህንኑ የመከታተል ጠባይ በዮሴፍ ስም፥ ድንገት የሚመጣውንና ከልክ ያለፈውን ጥፋት ደግሞ በኖኅ ስም ጠሩት። ኦሪት ዘፍጥረትን ለሚያነብ ሰው የስሙ ምክንያት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ይኸው ማንደልብሮት ቀደም ብሎ በ1963 የጥጥን ዋጋ መርምሮ ገበያም ከልክ ያለፈ ድንገተኛ ለውጥ እንዳለበት አሳይቶ ነበር። እንግዲህ የዝናም ሒሳብና የገንዘብ ሒሳብ ከተገናኙ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ሳይለካ የሚነገር ስጋት ወሬ ሆኖ ይቀራል፤ ተለክቶ የተጻፈ ስጋት ግን ዋጋ ይሆናል። ሁለተኛው፥ ልኩን የያዘ ሰው ዋጋውን ይቈርጣል፤ ልክ የሌለው ሰው ግን የተቈረጠበትን ይከፍላል። ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው።

በአዲሱ ዘመን ይህን ሙያ ያነሣሡት የመድን ወይም የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ናቸው። ካረን ክላርክ የተባሉት አሜሪካዊት በ1987 አንድ ኩባንያ አቋቁመው፥ ያለፈውን የጉዳት መዝገብ ብቻ በመመልከት ፈንታ፥ ዐውሎ ነፋስ በየት በኩል ሊመጣ እንደሚችል፥ በዚያም ስንት ቤት እንዳለና ቤቱ ከምን እንደ ተሠራ በኮምፒዩተር እያሰሉ ጉዳቱን የሚገምቱበትን መንገድ አበጁ። ከመድን ነጋዴዎች ብዙዎቹ ግምታቸውን እንደ ከንቱ ማስፈራሪያ ይቈጥሩት ነበር። በኦገስት ወር 1992 አንድሩ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን በመታ ዕለት፥ ጉዳቱ ከ13 ቢሊዮን ዶላር ሊበልጥ እንደሚችል ለደንበኞቻቸው በፋክስ አስታወቁ፤ ብዙዎች አላመኑም። ኋላ ሲቈጠር ግን የመድን ዕዳው 15 ቢሊዮን ተኩል ዶላር ያህል ሆነ፤ አስቀድመው ያላሰሉ በርከት ያሉ ኩባንያዎችም ከሰሩ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚለው የአገራችን ተረት በእነርሱ ተፈጸመ።

ጉዳዩ ከመድን ቤት ወደ ባንክና ወደ አክሲዮን ገበያ በሰፊው የገባው ግን በሴፕቴምበር ወር 2015 የእንግሊዝ ባንክ ገዥ የነበሩት ማርክ ካርኒ በለንደን በሎይድስ የመድን ገበያ ንግግር ካደረጉ ወዲህ ነው። እርሳቸውም ያስረዱት የአየር ጠባይ ጉዳት ከሹማምንትና ከባንክ ገዥዎች የሥራ ዘመን አልፎ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ዛሬ የሚወስነው ሰው የነገውን ዕዳ እንደማያይ ነው። ስጋቱንም በሦስት ከፈሉት። አንደኛው በጎርፍ፥ በድርቅና በነፋስ ንብረትን በቀጥታ የሚጎዳ ነው። ሁለተኛው የተጎዳ ሰው አጥፊውን በፍርድ ቤት ካሣ ሲጠይቅ የሚመጣ ነው። ሦስተኛው ዓለም ከከሰልና ከነዳጅ ወደ ሌላ ኃይል ሲሻገር አሮጌው ንብረት ዋጋ በማጣቱ የሚመጣ ነው።

ለነዚህ ለሦስቱ ምሳሌ ማግኘት አያስቸግርም። በ2011 በታይላንድ የደረሰው ጎርፍ የፋብሪካ ሰፈሮችን አጥለቅልቆ የዓለም ባንክ 46 ቢሊዮን ተኩል ዶላር ያህል የገመተው ጥፋት ሲያደርስ፥ በሩቅ አገር የሚሸጠው የኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ ዋጋ ወዲያው ወጣ። በኖቬምበር ወር 2018 በካሊፎርኒያ ፓራዳይዝ የተባለችው ከተማ ተቃጥላ 85 ሰዎች ሲሞቱ፥ እሳቱ የተነሣው ፓሲፊክ ጋስ ኤንድ ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ መቶ ዓመት ያህል ሳይለውጠው በኖረው የኤሌክትሪክ መስመር ላይ አንድ ያረጀ የብረት መንጠቆ በመሰበሩ ነው፤ ደረቁ ሣርና ብርቱው ነፋስም አባባሰው። ኩባንያው በጃኑዋሪ ወር 2019 ዕዳዬን መክፈል አልቻልሁም ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ፤ በ2020ም በ84 ሰዎች ሞት ጥፋተኛነቱን አመነ። ስለ ሦስተኛውም፥ ከአሜሪካ የከሰል ኩባንያዎች ትልቁ የነበረው ፒቦዲ በ2016 ለኪሳራ ፍርድ ቤት ማመልከቱ ይበቃል። ከዚህ ሁሉ የምናስተውለው፥ አንድ መርማሪ ዓመታዊውን ሒሳብ ብቻ ቢያነብ ያችን መንጠቆ አያያትም ነበር።

ይህን ሥራ በሥርዓት ለማድረግ ዓለም አቀፍ ደንብ ተሠርቷል። በጁን ወር 2017 ማይክል ብሉምበርግ የመሩት ኮሚቴ ኩባንያዎች ስጋታቸውን በአራት አርእስት፥ ማለት በአስተዳደር፥ በወደፊት ዕቅድ፥ በስጋት አያያዝ፥ በመለኪያና በግብ ከፍለው እንዲገልጹ መከረ። በጁን ወር 2023 ደግሞ ዓለም አቀፉ የዘላቂነት መግለጫ ደረጃዎች ቦርድ ኤስ 1 እና ኤስ 2 የተባሉ ሁለት ደረጃዎች አወጣ፤ ሁለተኛው የአየር ጠባይን ነገር ብቻ የሚመለከት ነው። ወደ ሙያው ሊገባ የሚያስብ ወጣት ይህን ጽሑፍ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያነበው ይገባዋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1998 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራም አክሳ ሬ ከተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ጋራ ስለ ኢትዮጵያ ድርቅ አንድ የመድን ውል ተዋዋለ። ውሉ ለሰብአዊ ርዳታ ሲደረግ የመጀመሪያው በመሆኑ በዓለም ታወቀ። አሠራሩም እንዲህ ነበር። በልዩ ልዩ ክፍል የሚገኙ 26 የዝናም መለኪያ ጣቢያዎች ተመረጡ፤ የዓመቱ ዝናም ከቀድሞው ዘመን መዝገብ ጋራ እየተመዛዘነ፥ ሰፊ የሰብል ጥፋት ከሚያመለክተው ልክ በታች ከወረደ፥ ኩባንያው እስከ 7 ሚሊዮን 100 ሺህ ዶላር ያህል እንዲከፍል ተወሰነ። ለዚህም የተከፈለው የመድን ዋጋ 930,000 ዶላር ነበር። የተራበ ሕዝብ እስኪታይና ልመና እስኪጻፍ ሳይጠበቅ፥ መለኪያው ራሱ እንዲመሰክር ማለት ነው። በዚያ ዓመት ዝናሙ መልካም ስለ ነበረ ምንም አልተከፈለም።

አንድ ሰው «ታዲያ 930,000 ዶላር በከንቱ ቀረ» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ጠባቂ የቀጠረ ባለ ቤት ሌባ ባለመምጣቱ አያዝንም። ይልቅስ እኛን የሚያስደንቀን ሌላ ነገር ነው። የፓሪስ ኩባንያ በኢትዮጵያ ዝናም ላይ ዋጋ ሊቈርጥ የቻለው፥ በ26ቱ ጣቢያዎች በየጧቱ ወደ መለኪያው ሄዶ የዝናሙን ልክ በመዝገብ የጻፈ ስሙ የማይታወቅ ሠራተኛ ለብዙ ዘመን ስለ ነበረ ነው። አንድ ቀን ዝናም ዘነበ ብሎ ቤቱ የተቀመጠ፥ ወይም ያላየውን በግምት የሞላ ቢሆን ኖሮ፥ ሚሊዮኑ ዶላር የቆመበት መሠረት አሸዋ በሆነ ነበር። ስለዚህ የዚህ ሙያ የመጀመሪያው ደረጃ በባንክ ሰገነት ላይ ሳይሆን በዝናም መለኪያው አጠገብ ነው ብንል አላበዛንም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ2001 ዓ.ም.፥ በትግራይ አዲ ሓ በተባለች መንደር 200 ቤተ ሰቦች ለጤፋቸው የድርቅ መድን ገቡ። ገንዘብ የሌለው ገበሬ የመድኑን ዋጋ በጕልበቱ፥ ማለት ውሃና አፈር በሚጠብቅ ሥራ እንዲከፍል ተፈቀደለት። በመንደሩ ረጅም የዝናም መዝገብ ስላልነበረ፥ ልኩ ሳተላይት ከሰማይ ካየው ተወሰደ። በዚህም የሙያው ትልቁ ችግር ተገለጠ። ሳተላይቱ «ዝናም በቂ ነበር» ብሎ ሲመሰክር፥ የአንድ ገበሬ ማሳ ግን በተራራው ጥላ ውስጥ ሆኖ ደርቆ ሊገኝ ይችላል። በወረቀት የተጻፈው ልክና በማሳው ላይ የሆነው ነገር በተለያዩ ቍጥር፥ መድን ከፍሎ ካሣ ያጣው ደኻ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ይህን ልዩነት መቀነስ ከሒሳብ ዕውቀት በላይ አገሩን በእግር መርገጥና ሽማግሌዎችን መጠየቅ ይፈልጋል፤ በዚህም የአገር ልጅ ከሩቅ መርማሪ ይልቅ ይበልጣል።

ሥራው በየዕለቱ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። አንድ ባንክ ለቡና ገበሬዎች ማኅበር ብድር ሊሰጥ አሰበ እንበል። በ2017 ከእንግሊዝ የኪው የዕፀዋት ተቋምና ከአገራችን ሊቃውንት በአንድነት የታተመ ጥናት፥ ምንም እርምጃ ካልተወሰደ፥ በዚህ ምዕት ዓመት መጨረሻ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ ምድር ከመቶ 39 እስከ 59 የሚሆነው ለቡና የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። ሰነፍ መርማሪ ይህን አንብቦ «ለቡና አታበድር» ብሎ ይጽፋል። ብልህ መርማሪ ግን አራት ነገር ይጠይቃል። ማሳዎቹ የት ናቸው? ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ? ብድሩ የሚመለሰው በስንት ዓመት ነው? ጉዳቱን የሚያበርድ ምን መላ አለ?

ብድሩ በአምስት ዓመት የሚመለስ ከሆነ፥ የምዕት ዓመቱ መጨረሻ ስጋት ለባንኩ ሩቅ ነው፤ የሚያሰጋው በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ ሁለት የድርቅ ዓመታት ተከታትለው መምጣታቸው ነው። ዛሬ አዲስ የሚተከለው የቡና ዛፍ ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሚኖር ስለ ሆነ፥ ለገበሬው የሩቁ ስጋት ቅርብ ነው። ያው ጥናት ደግሞ ደን ተጠብቆና ተተክቶ የቡናው እርሻ ወደሚስማማው ከፍታ ቢዛወር፥ ለቡና የሚስማማው ምድር ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችል አመልክቷል። ስለዚህ የብልሁ መርማሪ መግለጫ «ጥላ ዛፍ ቢተከል፥ ውሃ ቢጠራቀም፥ ከብድሩ ጋራ የድርቅ መድን ቢገባ፥ የመክፈያውም ጊዜ ከመከሩ ጋራ ቢስማማ፥ ስጋቱ ይህን ያህል ይቀንሳልና አበድር» የሚል ይሆናል። ስጋትን መመርመር ደኻውን ከብድር መከልከያ ከሆነ፥ ሙያው ከመርዳት ይልቅ ይጎዳል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ለማለት የሚያገለግል ከሆነ ግን የተመሰገነ ነው።

ወደዚህ ሙያ የሚገባ ሰው በአንድ በር ብቻ አይገባም። አንዱ የአየር ጠባይንና የውሃን ትምህርት ተምሮ ይገባል፤ ለዚህም በአገራችን እንደ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋሞች አሉ። ሌላው ከሒሳብ መዝገብና ከኤኮኖሚ ትምህርት፥ ሌላው ከምሕንድስና፥ ሌላውም ከሕግ ይመጣል። ምክራችን ግን አስቀድሞ አንዱን ጠንቅቆ ማወቅ፥ ከዚያም በኋላ የጎደለውን መጨመር ነው። ከሁሉም ጥቂት ጥቂት የቀመሰ፥ በአንዱም ያልጠለቀ ሰው፥ በውይይት ጊዜ ይናገራል እንጂ በሥራ ጊዜ አይገኝም። ዝናምን የሚያውቅ የባንክን ሒሳብ ማንበብ ይማር፤ ሒሳብ የሚያውቅ የዝናምን መዝገብ ማንበብ ይማር፤ ሁለቱም የስታቲስቲክስን ትምህርትና የኮምፒዩተርን አሠራር ይማሩ።

የምስክር ወረቀት ለሚፈልግም ጋርፕ በሚል አኅጽሮት የሚታወቀው የስጋት ባለሙያዎች ማኅበር ከ2020 ጀምሮ በዘላቂነትና በአየር ጠባይ ስጋት ይፈትናል። ወረቀት ግን በር ያስከፍታል እንጂ ቤት አያሠራም። ከወረቀቱ የሚበልጠው የራስን ሥራ ማሳየት ነው። ከ1981 ጀምሮ ያለው ቸርፕስ የተባለው የሳተላይት የዝናም መዝገብ ለማንም ያለ ዋጋ የተከፈተ ነው። አንድ ወጣት የትውልድ ወረዳውን የዝናም መዝገብ ወስዶ፥ ከሰብሉ ምርት ጋራ አስተያይቶ፥ ያገኘውንም በዐሥር ገጽ በጥሩ ቋንቋ ጽፎ ቢያቀርብ፥ ከብዙ ማመልከቻ የሚበልጥ ምስክር ይሆነዋል። ለዚህም የዶክተር ቱፋ ዲንቁ ምሳሌ ይበቃል። እርሳቸው በአገራችን የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት አገልግለው፥ ኋላ በአሜሪካ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጣቢያዎችን መዝገብና የሳተላይቱን ምስክርነት በማዋሐድ የጎደለውን የሚሞላውን ኢናክትስ የተባለውን ሥራ መርተዋል፤ ሥራውም ከኢትዮጵያ ጀምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ደርሷል።

ሆኖም ይህ ሙያ የሚወጣና የሚወርድ መሆኑን ለወጣቱ ሳንነግረው ብናልፍ በደል ነው። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቈጣጣሪ በማርች ወር 2024 ኩባንያዎች የአየር ጠባይ ስጋታቸውን እንዲገልጹ ደንብ ካወጣ በኋላ፥ ዓመት ካለፈ ብዙም ሳይቈይ በማርች ወር 2025 ለደንቡ በፍርድ ቤት መከራከሩን ተወ። በ2021 የተቋቋመው ትልቁ የባንኮች የአየር ጠባይ ኅብረት አባሎቹ እየተዉት ሄደው በኦክቶበር ወር 2025 ሥራውን አቆመ። በአውሮፓም ደንቡ እንዲቀል በ2025 ሐሳብ ቀረበ። የሥራ መደቦች ስም ይለወጣል፤ ማኅበሮች ይፈርሳሉ፤ ፋሽኑ ያልፋል። ጎርፉና ድርቁ ግን የማንንም ውሳኔ ሳይጠብቁ ይመጣሉ። ስለዚህ ሙያውን በስሙ ላይ የመሠረተ ሰው ከስሙ ጋራ ይወድቃል፤ በመለካት ዕውቀት ላይ የመሠረተው ግን ስሙ ቢለወጥም እንጀራ አያጣም።

ከዕውቀቱ ይልቅ ግን የሚከብደው እውነትን መናገር ነው። መርማሪው የሚከፈለው ከባለ ገንዘቡ ነው፤ ባለ ገንዘቡም ደስ የሚያሰኘውን መስማት ይወዳል። በ2021 ዴዚሬ ፊክስለር የተባሉት ሴት፥ ዲ.ደብልዩ.ኤስ. በተባለው የጀርመን የገንዘብ አስተዳዳሪ ኩባንያ የዘላቂነት ኀላፊ የነበሩ፥ ኩባንያው ለሕዝብ የሚናገረው ከሚሠራው እንደሚበልጥ በመግለጻቸው ከሥራቸው ከወጡ በኋላ ነገሩ በአደባባይ ታወቀ። በ2023 የአሜሪካ ተቈጣጣሪ ስለዚሁ ጉዳይ 19 ሚሊዮን ዶላር፥ በ2025ም የፍራንክፈርት ዐቃቤ ሕግ 25 ሚሊዮን ዩሮ ኩባንያውን አስከፈሉት። አሳማኝ ሐሰት ለጊዜው ደመወዝ ያስገኛል፤ ሲገለጥ ግን መርማሪውንም፥ ኩባንያውንም፥ ሙያውንም ያሳፍራል። የማያውቀውን «አላውቅም»፥ ግምቱንም «ግምት ነው» ብሎ የሚጽፍ መርማሪ ከዐሥር ትዕቢተኛ ይሻላል።

አሁን ነገሩ ለአገራችን ምን ያህል እንደሚከብድ እንናገር። በ2018 በለንደን ሁለት የትምህርት ተቋሞች ለተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ያዘጋጁት ጥናት፥ ለአየር ጠባይ ጉዳት የተጋለጡ አገሮች በዚሁ ምክንያት ለብድራቸው በአማካይ ከመቶ 1.17 ተጨማሪ ወለድ እንደሚከፍሉ አመልክቷል፤ በሌላ አነጋገር ለወለድ ከሚከፍሉት በየ10 ዶላሩ ላይ ሌላ 1 ዶላር ይጨመርባቸዋል ማለት ነው። ኢትዮጵያም እነዚህ የተጋለጡ አገሮች በ2015 ካቋቋሙት ኅብረት አባሎች አንዷ ናት። ይህ ገንዘብ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ሊሠራ ይችል የነበረ ነው። አበዳሪው በጨለማ ሲሆን ጨለማውንም ዋጋ ያስከፍላል፤ መስኖ መሠራቱን፥ ደን መተከሉን፥ መለኪያ መኖሩን የሚያሳየው ሰው ካላገኘ ሁሉን እንደ ደረቅ ምድር ይቈጥራል።

ጊዜውም የሚያስቸኵል ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቍጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ፥ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል፤ በዚያው ዓመት የውጭ ባንኮች በአገራችን እንዲሠሩ በአዋጅ ተፈቅዷል። በጳጉሜን ወር 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ ባለበት በጉባ የዓባይ ውሃ በየዕለቱ በኢትዮጵያውያን እጅ ይለካል። የኤሌክትሪክ ኃይላችን አብዛኛው ከውሃ፥ ከውጭ ንግዳችንም ብዙው ከቡና የሚገኝ እንደ መሆኑ፥ ወደዚህ የሚመጣ ባለ ገንዘብ ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ዝናም ነው። መልሱን የሚሰጠው የእኛ ልጅ ካልሆነ፥ በሩቅ ከተማ የተቀመጠ ሰው ካርታ አይቶ ይመልስለታል፤ የሮዳ ምሰሶ ታሪክም ይደገማል።

ስለዚህ ሹማምንት የዝናም መለኪያ ጣቢያ የጥቃቅን ወጪ መደብ ነው ብለው እንዳይንቁት እናሳስባለን። የተሰበረ መለኪያ ይጠገን፤ መዝጋቢው ሠራተኛ ደመወዙ በጊዜው ይድረሰው፤ መዝገቡም በሣጥን ተቈልፎ ምስጥ ከሚበላው ለሚመረምር ተማሪ ይከፈት። አንድ ዓመት ያልተጻፈ ዝናም በኋላ ዘመን በምንም ገንዘብ አይገዛም። ባንኮቻችንም ይህን ሙያ ለታይታ ሳይሆን የብድር ውሳኔ ከሚሰጠው ክፍል ጋራ አጣምረው ቢያቋቍሙት፥ መርማሪውም የማይወደደውን መግለጫ ስላቀረበ እንዳይጎዳ ቢጠብቁት መልካም ነው።

ካህናትና መነኰሳትም ከዚህ ሥራ ሩቅ አይደሉም። የሠላሳና የአርባ ዓመት መዝገብ ብቻ የሚያይ መርማሪ፥ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰውን፥ አባቶቻችን ክፉ ቀን ያሉትን ረኀብ በሒሳቡ ውስጥ አያገኘውም፤ ባያገኘውም እንዳልነበረ ይቈጥረዋል። የዚያን ዘመንና ከዚያ በፊት የነበረውን ድርቅ፥ አንበጣና የከብት እልቂት የሚናገሩ ታሪከ ነገሥታትና በብራና ዳርቻ የተጻፉ ማስታወሻዎች በየገዳማቱና በየአድባራቱ ይገኛሉ። እነዚህን ጠብቆ ማቈየት፥ ለሚመረምርም ማሳየት፥ ለዛሬው ሒሳብ ትልቅ ርዳታ ነው። ማስታወሻውን የጻፈው ጸሓፊ ለገበያ ብሎ አልጻፈም፤ የሆነውን እንደ ሆነ መጻፉ ግን ዛሬ ከወርቅ ይልቅ የሚፈለግ ምስክር አድርጎታል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ሙያው ያለው በእጃችሁ ነው። ሰማዩን የሚያዝዝ ሰው የለም፤ የሰማዩን ሥራ አስተውሎ፥ ለክቶና ጽፎ ለወገኑ የሚያስጠነቅቅ ሰው ግን በየዘመኑ ያስፈልጋል። ልኩን እውነተኛ፥ ቃሉን ግልጽ አድርጎ የሚያቀርብ መርማሪ ለራሱ እንጀራ፥ ለገበሬው ብድር፥ ለአገሩም የተገባ ዋጋ ያስገኛል። ክረምት በመጣ ቍጥር የሚዘንበው ዝናም የእኛ ነው፤ ልኩን የሚጽፈውም እጅ የእኛ ሊሆን ይገባል።